ማይክል ፋራዳይ

ማይክል ፋራዳይ (ሴፕቴምበር 22፣ 1791 – ኦገስት 25፣ 1867 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው በ1831 ባገኘው ኤሌክትሮማግኔታዊ ኢንደክሽን ሲሆን፣ ጄኔሬተርና ትራንስፎርመር የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው። የከፊል አስተላላፊዎችን (ሴሚኮንዳክተሮችን) ልዩ ጠባይ በሙከራ አይተው ከመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎችም አንዱ ነው።

የልጅነት ሕይወት

የተወለደው በለንደን አጠገብ ነው፤ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ቤተሰቡ ድሃ ስለነበር ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከስሌት ብዙም ያለፈ ትምህርት አላገኘም። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በዚያ በቆየባቸው 7 ዓመታት ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን አስተማረ። በ1812 የታወቀውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርቶች ተከታትሎ፣ የያዘውን ማስታወሻ ጠርዞ ላከለት። በ1813 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ፤ የሥራ ዘመኑንም እዚያው አሳለፈ።

የ1833ቱ ሙከራ

መዳብን የመሳሰሉ ብረታ ብረቶች ሲሞቁ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታቸው ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዙ ደግሞ ይጨምራል። ፋራዳይ ግን በ1833 ሲልቨር ሰልፋይድን፣ ማለትም የብርና የድኝ ውህድን፣ በመብራት ሲያሞቀው የማስተላለፍ ችሎታው ሲጨምር፣ ሲቀዘቅዝም መልሶ ሲቀንስ ተመለከተ። ያየውን መዘገበ እንጂ ምክንያቱን ማስረዳት በዘመኑ አልተቻለም፤ ኤሌክትሮን ራሱ የታወቀው በ1897፣ እሱ ከሞተ ከ30 ዓመት በኋላ ነው።

በ1931 አለን ዊልሰን በኳንተም ሜካኒክስ እንዳስረዳው፣ በእንዲህ ዓይነት ክሪስታል ውስጥ ቅዝቃዜው ሲበረታ ነፃ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ኤሌክትሮን እጅግ ጥቂት ስለሚሆን ክሪስታሉ ኤሌክትሪክ ወደማያስተላልፍ ነገር ይጠጋል። ሙቀት ሲጨምር ግን ከታሰሩት ኤሌክትሮኖች የተወሰኑት ይላቀቃሉ። በብረታ ብረት ውስጥ ነፃ ኤሌክትሮኖች ምንጊዜም ስላሉ፣ ሙቀት የሚያደርገው የአቶሞችን ንዝረት ጨምሮ መንገዳቸውን ማደናቀፍ ነው። ዛሬ የስልክ ባትሪን ሙቀት የሚለካው ቴርሚስተር የሚሠራው ፋራዳይ ባየው በዚህ ጠባይ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ፋራዳይ ከፍተኛ ሒሳብ ስላልተማረ ሐሳቡን በሥዕልና በሙከራ ይገልጽ ነበር፤ በኋላ በሒሳብ ቀመር ያስቀመጠለት ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ሁለት ጊዜ ተጠይቆ አልተቀበለም። ያረፈው በ1867 ሲሆን፣ ይህ ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ነው። የካፓሲተር መለኪያ የሆነው ፋራድ የተሰየመው በስሙ ነው።