ጉዴአ፦ በድንጋይ ምስሉ የጸለየው ገዢ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ22ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ በዛሬዋ ደቡባዊ ኢራቅ የነበረችውን ላጋሽን ጉዴአ የተባለ ሱመራዊ ገዢ ያስተዳድር ነበር። ይበልጥ የሚታወሰው ግን ለኒንጊርሱ አምላክ ባሠራው ኤኒኑ በተሰኘው ቤተ መቅደስ ነው።

ጉዴአ የገዛ ምስሉን ከጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ደጋግሞ አስቀርጿል። እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ ያጣመሩት እነዚህ ሐውልቶች ለጌጥ አልተሠሩም፤ ገዢው በሌለበትም ሆነ ከሞተ በኋላ በአምላኩ ፊት ስለ እርሱ የሚቆሙ ምትኮች ነበሩ።

በአንደኛው ላይ ምስሉ ከብር፣ ከመዳብ ወይም ከነሐስ እንዳልተሠራና ማንም በኃይል እንዳያጠፋው አስጽፏል። ማዕድን ቀልጦ ለሌላ ይውላል፤ ድንጋይ ግን ይጸናል።

የመቅደሱን ንድፍ በጭኑ የያዘው ይህ ሐውልት ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው ሉቭር ሙዚየም ተቀምጧል። ራሱ የለም፤ ጽሑፉ ግን አሁንም ስለ ባለቤቱ ይማልዳል።