ኤድዋርት ሩፔል

ኤድዋርት ሩፔል (ኖቬምበር 20 ቀን 1794 – ዲሴምበር 10 ቀን 1884 እ.ኤ.አ.) የጀርመን የተፈጥሮ ተመራማሪና ተጓዥ ነበር። ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን በሳይንሳዊ ስም የመዘገበው እርሱ ነው። ከጣና ሐይቅ የገለጻቸው ዓሦችም ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ የሐይቁን ሕይወት ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች መነሻ ሆነዋል።

የመጀመሪያ ሕይወት

ሩፔል በፍራንክፈርት ከተማ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። የታሰበለት ሙያ ንግድ ነበር። ሆኖም በ1817 እ.ኤ.አ. ወደ ሲና በረሃ ያደረገው ጉዞ ፍላጎቱን ወደ ተፈጥሮ ጥናት ስለመለሰው በጣልያን አገር ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት ተማረ። ከ1821 ጀምሮ በግብፅ፣ በኑብያና በቀይ ባሕር ዳርቻዎች ለዓመታት እየተዘዋወረ ናሙና ሰበሰበ። የሰበሰበውንም በፍራንክፈርት ለሚገኘው ለዜንከንበርግ ማኅበር ሙዚየም ሰጠ።

በኢትዮጵያ

በ1831 እ.ኤ.አ. በምፅዋ በኩል ገብቶ የሰሜን ተራሮችን አቋርጦ ጎንደር ደረሰ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ከእንስሳቱ ሌላ የግዕዝ የብራና መጻሕፍትንም ሰብስቦ ወደ አገሩ ወሰደ። የጉዞውን ታሪክ ከ1838 እስከ 1840 በሁለት ቅጽ አሳተመ። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው።

የጣና ዓሦች

በ1835 እ.ኤ.አ. ሩፔል የጣናን ዓሦች በየመልካቸው ለይቶ ስም ሰጣቸው። ከእነዚህም ቤሶ፣ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስና ኔድጂያ ይገኙበታል። አንዱን ትንሽ ዓሣ በደምቢያ ስም ጠራው። ለመለያየት የተጠቀመው በአፋቸው፣ በከንፈራቸውና በሰውነታቸው ቅርጽ ነበር።

በ1973 እ.ኤ.አ. ኪት ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ ላቤዮባርበስ የሚባሉትን የጣና ትልልቅ ዓሦች መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዝርያ አድርጎ ቆጠራቸው። ከሩፔል ስሞችም ብዙዎቹ ተሰረዙ። በ1990ዎቹ ግን ሊዮፖልድ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ዓሦቹን ከምግባቸውና ከመኖሪያቸው ጋር አነጻጽረው 15 ያህል የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። የሩፔል ስሞችም ተመለሱ።

ዓሦቹና የሐይቁ ንጥረ ምግብ

ልዩነቱ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቤሶ ከድንጋይ ላይ አልጌ ይፍቃል፤ ከንፈረ ወፍራሙ ኔድጂያ በድንጋዮች መካከል የነፍሳት እጭ ይፈልጋል፤ ሱርኪስ ዕፅዋት ይመገባል፤ ጎርጓሪ ሌሎች ዓሦችን ያድናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዝርያ ናይትሮጅንንና ፎስፈረስን የሚወስደው ከተለያየ የሐይቁ ክፍል ነው። ዓሦች ከበሉት ውስጥ ከፊሉን በሽንታቸውና በመተንፈሻ አካላቸው በኩል መልሰው ወደ ውኃው ያስወግዳሉ። አልጌም ይህን ወዲያውኑ ተጠቅሞ ያድጋል። ከሐይቁ ወለል የሚመገቡት ደግሞ በደለል ውስጥ ተቀብሮ ይቀር የነበረውን ንጥረ ምግብ ወደ ላይ ያወጣሉ። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ወለሉና የላይኛው ውኃ ተቀራራቢ ናቸው።

ከዝርያዎቹ በርካታዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ወንዞች ይወጣሉ። ከሐይቁ ያገኙትን ንጥረ ምግብም በእንቁላላቸውና በሚያስወግዱት ነገር ወደ ወንዞቹ ያደርሳሉ። በዚሁ ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ በብዛት ስለሚሰበሰቡ በመረብ በቀላሉ ይጠመዳሉ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቁጥራቸው በእጅጉ ቀንሷል። ሁሉም አንድ ዝርያ ቢሆኑ ኖሮ የአንዱ መልክ መጥፋት እምብዛም ባላሳሰበ ነበር። ዝርያዎቹ የተለያዩ በመሆናቸው ግን የአንዱ መጥፋት ያ ዓሣ በሐይቁ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ይዞ ይሄዳል።

ሞቱና መታሰቢያው

ሩፔል በ90 ዓመቱ በተወለደባት በፍራንክፈርት አረፈ። በስሙ ከሚጠሩት እንስሳት አንዱ በኢትዮጵያም የሚገኘው የሩፔል ጥንብ አንሣ ነው።