ሙሴ ነርሲስ ናልባንድያን፤ ሥራቸው በወረቀት የቀረ የኦርኬስትራ መሪ

በቦረና ደጋ፣ በመካነ ሰላም አካባቢ ሠርግ የታደመ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል። ማሲንቆው የሚያሰማውን ዜማ አዝማሪው በድምፁ ይከተለዋል፤ ተቀባዮችም ያንኑ ያነሣሉ። ሁሉም በአንድ መንገድ ይሄዳል። ይህንን ዜማ ለሳክስፎን፣ ለትራምፔትና ለትሮምቦን አከፋፍሎ ለዛውን ሳያጣ ማሰማት ይቻላልን? ለዚህ ጥያቄ ዕድሜያቸውን የሰጡትን ሰው ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ነርሲስ ናልባንድያን በ1907 ዓ.ም. አይንታብ በምትባል ከተማ ከአርመን ቤተሰብ ተወለዱ። ዘመኑ ለአርመኖች የእልቂትና የስደት ዘመን ስለነበረ ቤተሰቡ ወደ ሶርያ ተሰዶ በአሌፖ ተቀመጠ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከነሙዚቃ መሣሪያቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። አስተማሪያቸው የነርሲስ አጎት ኬቮርክ ናልባንድያን ነበሩ። እስከ ዘውዱ ሥርዓት ፍጻሜ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እኒሁ ናቸው።

በዚያው በ1916 ዓ.ም. በየካቲት ወር ፖል ዋይትማን የተባለው አሜሪካዊ የዳንስ ባንድ መሪ የጆርጅ ጌርሽዊንን ራፕሶዲ ኢን ብሉ በኒውዮርክ አሰማ፤ በሰኔም በሸክላ አስቀረጸው። የጃዝን ስልት በትልቅ ኦርኬስትራ ለማሰማት የተደረገው ሙከራ እንዲህ ሳይውል ሳያድር በሸክላ ተቀመጠ።

ሙሴ ነርሲስ አጎታቸውን ተከትለው በ1930 ዓ.ም. ግድም፣ አገራችን በጣሊያን እጅ ሳለች፣ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ መሩ፤ ከዚያም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አገለገሉ። ወጣቶችን ኖታ ማንበብ አስተማሩ፤ የዳንስ ሙዚቃና የአገር ዘፈን ለኦርኬስትራ አቀናበሩ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል ስማቸው እንኳ የወሎ አገር ስም ነው። የአውሮፓ ስምምነት ግን በሰባት ድምፅ ላይ የተሠራ ነው። የጎደሉትን ሁለት ድምፆች ያለ ጥንቃቄ የጨመረ ሰው ትዝታን ትዝታ አይደለም ያሰኛል። ሙሴ ነርሲስ ቅኝቱን ጠብቀው፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን መንገድ እየሰጡ መጻፍን መረጡ።

ነገር ግን ከሥራቸው በሸክላ የተቀረጸው ጥቂት ነው። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ አምሐ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ ይህን አጥር ደፍሮ የጣሰው በ1961 ዓ.ም. ግድም ነው። በዚያ ጊዜ የትልልቅ ኦርኬስትራዎች ዘመን ወደ ማምሻው ደርሶ፣ ትንንሽ ባንዶች ተራውን ይዘው ነበር። ሙሴ ነርሲስም እ.ኤ.አ. በ1977 አረፉ።

ይሁንና የጻፉት ኖታ አልሞተም። ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የቦስተን የጃዝ ቡድን ድርሰታቸውንና ቅንብራቸውን አጥንቶ ተጫወተው፤ ኢትዮፒክ በተባለው ተከታታይ ሕትመትም 32ኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ። ደራሲው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አለ። ዋይትማንን ሸክላ አኖረው፤ ሙሴ ነርሲስን ያኖራቸው ወረቀት ነው። ዛሬ ተማሪ የሆነው ነገ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ይሆናል። ከመደርደሪያ ሥር ባለ አምስት መስመር ያረጀ ወረቀት ያገኘ እንደሆነ፣ ከቆሻሻ ጋር ከመጣሉ በፊት ሙዚቃ ለሚያውቅ ሰው ያሳየው። የአንድ ትውልድ ድምፅ በዚያ ላይ ተጽፎ ይሆናልና።