ኸርበርት ሰትክሊፍ፤ በክፉ ሜዳ የሚታመን መቺ

የአንድ ተጫዋች ውጤት ተጋጣሚው በበረታ መጠን ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። የዮርክሻየሩ የክሪኬት ተጫዋች ኸርበርት ሰትክሊፍ መዝገብ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ሰትክሊፍ በጠቅላላው የጨዋታ ዘመኑ በአማካይ 52 ነጥብ ያህል ሲያገኝ፣ በብሔራዊ ቡድኖች ግጥሚያ አማካዩ ወደ 60.73 ከፍ ይላል፤ በዘመኑ ከሁሉ ትፈራ ከነበረችው ከአውስትራልያ ጋር ብቻ ሲታይ ደግሞ 66.85 ይደርሳል። ለእንግሊዝ ለረጅም ጊዜ ከተጫወቱት መቺዎች መካከል በዚህ አማካይ የበለጠው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ክሪኬት በአገራችን ብዙም ስለማይታወቅ ጥቂት ማብራሪያ ያሻዋል። ወርዋሪው ሃያ ሜትር ያህል ርቆ ጠንካራዋን ኳስ በመሬት ላይ አንጥሮ ይልካል። መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በዱላው ይከላከላል፤ ኳሷን መትቶ በሌላው ጫፍ ከቆመው ጓደኛው ጋር በሩጫ ቦታ በተለዋወጠ ቁጥርም ነጥብ ያገኛል። እንጨቶቹ ከተመቱ፣ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች፣ ተራው አብቅቶ ይወጣል። የሰትክሊፍ ሥራ መክፈት ነበር፤ ይኸውም ኳሷ አዲስ፣ ወርዋሪዎቹም ትኩስ ኃይል ሳሉ ቀድሞ ገብቶ የመጀመሪያውን ውርጅብኝ መቀበል ነው።

ሰትክሊፍ ኖቬምበር 24 ቀን 1894 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በራግቢ ጨዋታ በደረሰበት ጉዳት ሲሞት ገና ሕፃን ነበር፤ እናቱንም በልጅነቱ አጥቶ በፐድሲ ከተማ በአክስቶቹ እጅ አደገ። በጫማ ሥራ ሙያ ከሠለጠነ በኋላ በአንድ ፋብሪካ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ሆነ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወጣትነቱን ስለወሰደበት፣ ለዮርክሻየር ቡድን ሲሰለፍ ዓመቱ 1919፣ ዕድሜውም ሃያ አራት ነበር። በዚያው የመጀመሪያ ዓመቱ 1,839 ነጥብ አስመዘገበ።

በ1924 ለብሔራዊ ቡድን ሲመረጥ ጓደኛው የሆነው የዘመኑ ታላቅ መቺ ጃክ ሆብስ ነው። ተመልካች ሁሉ የሆብስን አመታት ለውበቱ ሲያደንቅ፣ ሰትክሊፍ ግን ግርማ የሌለው፣ ኳስ እየተወ ሰው የሚያሰለች ነው ይባል ነበር። ነቀፋው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ሆኖም የትኛዋን ኳስ መምታት ብቻ ሳይሆን የትኛዋን አለመንካት እንደሚገባ ማወቅ ራሱ ታላቅ ችሎታ መሆኑን ነቃፊዎቹ የዘነጉ ይመስላል። ኳስ አታልላው ብታልፍ እንኳ፣ በዘይት የተለሰነ ጥቁር ጸጉሩ ሳይበተን፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ለሚቀጥለው ውርወራ ይቆም ነበር። በ1925 መጀመሪያ በሜልቦርን አውስትራልያ 600 ነጥብ ከቆለለች በኋላ ሁለቱ ጓደኛሞች አንድ ሙሉ ቀን ሳይወጡ 283 አስቆጠሩ። ሰትክሊፍ በዚያ ግጥሚያ 176 እና 127 ቢያገኝም እንግሊዝ ተሸነፈች።

ሰውየው በትክክል የተለካው ግን በረጠበ መሬት ላይ ነው። በዚያ ዘመን በመጫወቻው መካከል ያለችው ጠባብ መሬት ከዝናብ አትሸፈንም ነበር። ሸክላማው አፈር ውኃ ጠጥቶ ፀሐይ ሲወጣበት ላዩ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። የአፈርን ጠባይ ለሚያውቅ መሐንዲስ ውጤቱን መገመት አያዳግተውም፤ ከአንድ ስፍራ ያረፉ ሁለት ኳሶች፣ አንዷ ወደ ጉሮሮ ስትዘል ሌላዋ መሬት ለመሬት ትሾልካለች። በኦገስት 1926 በለንደኑ ኦቫል ሜዳ የሆነው ይህ ነው። አራቱ ቀዳሚ ግጥሚያዎች ያለ አሸናፊ ስላለቁ ሁሉም ነገር ለአምስተኛው ተላልፏል፤ እንግሊዝም ከ1912 ወዲህ አውስትራልያን በተከታታይ ግጥሚያ አሸንፋ አታውቅም። ሆብስና ሰትክሊፍ ሁለተኛውን ዙር ከፍተው 49 እንዳደረሱ መሸ፤ ሌሊቱን ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። በማግስቱ ፀሐይዋ ስትበረታ ኳሷ መዝለልና መጠምዘዝ ጀመረች። ወርዋሪው አርተር ሪቻርድሰን ቀላቢዎችን ከመቺዎቹ አጠገብ አሰልፎ ሲያጠቃ፣ ሁለቱ አንዳንዱን ኳስ በእጃቸው ለስልሰው እግራቸው ሥር እየጣሉ፣ አንዳንዱንም በገላቸው እየተቀበሉ ቆዩ። ሆብስ 100 አግኝቶ ሲወጣ የጋራ ድምራቸው 172 ደርሶ ነበር። ሰትክሊፍ ግን ከሰባት ሰዓት በላይ ቆሞ 161 አስቆጠረ፤ እንግሊዝም በ289 ነጥብ ልዩነት አሸነፈች። በ1929 መጀመሪያም በሜልቦርን በተመሳሳይ መሬት ላይ 332 ነጥብ ሲያስፈልግ፣ እንግሊዝ መቶም አትደርስም ሲባል፣ እርሱ 135 አግኝቶ ለድል አበቃት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰትክሊፍ በደመወዝ የሚጫወት ባለሙያ ነበር። በእንግሊዝ ልማድ አለቃ የሚሆነው ያለ ክፍያ የሚጫወተው የጨዋ ልጅ ነው፤ በአንዳንድ ሜዳ ሁለቱ ወገኖች የሚገቡበት በር እንኳ የተለያየ ነበር። በ1927 የዮርክሻየር ኮሚቴ ልማዱን ሽሮ ሰትክሊፍን የቡድኑ መሪ አድርጎ ሲመርጥ ተቃውሞ ተነሣ። ከፊሉ ባለሙያ መሪ አይሁንብን አለ፤ ከፊሉም ባለሙያ ከተሾመ ሹመቱ የሚገባው ለአንጋፋው ለዊልፍሬድ ሮድስ ነው አለ። ሰትክሊፍ ለጨዋታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለነበር በቴሌግራም ምስጋናውን ገልጾ ሹመቱን መለሰ። ሥራው ግን አልተቀዛቀዘም። በ1932 ከፐርሲ ሆምስ ጋር ሆኖ በሌይተን 555 ነጥብ አስቆጠሩ፤ የራሱ ድርሻ 313 ነበር። የቀድሞው ክብረ ወሰን 554 ስለነበር፣ ሰሌዳው 555 ባሳየ ጊዜ ሰትክሊፍ በሚቀጥለው ኳስ ያለ ጥንቃቄ መትቶ ወጣ። ወዲያው ሰሌዳው ወደ 554 ቢመለስም፣ መዝገቡ ሲመረመር ሳትቆጠር የቀረች አንዲት ነጥብ ተገኘች። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሲድኒ 194 ባገኘበት ዙር፣ ገና 43 ላይ ሳለ ኳሷ እንጨቱን ነክታ በላዩ የተጋደሙት ትንንሽ እንጨቶች ሳይወድቁ ቀርተዋል። በእንጨቶቹ አለመውደቅ ዕድሉ የረዳው መሆኑ አይካድም።

የመጨረሻ ብሔራዊ ግጥሚያውን በ1935 አደረገ። በሊድስ የስፖርት ዕቃ መደብር ያካሂድ ነበር፤ በኋላም የብሔራዊ ቡድን መራጭ ሆኖ አገለገለ። ዊልያም ኸርበርት ሆብስ ብሎ በጓደኛው ስም የጠራው ልጁ በ1956 እና በ1957 አባቱ የመለሰውን የዮርክሻየር መሪነት ያዘ። በ1965 በሊድስ የሄዲንግሊ ሜዳ በሰትክሊፍ ስም የተሰየመ በር ተከፈተ። የሌይተኑ ክብረ ወሰን በ1977 በፓኪስታን ሲሰበር ሰትክሊፍ በሕይወት ነበር፤ ያረፈው ጃንዋሪ 22 ቀን 1978 በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው።