ሸኽ ሆጀሌ አል ሐሰንና ወርቁን ያጠቡት እጆች



አዲስ አበባ ሄደው ከሆነ የታክሲ ረዳቶች ሸጎሌ፣ ሸጎሌ እያሉ ሲጣሩ ሰምተው ይሆናል። ያ ስም የሰው ስም ነው። የሸኽ ሆጀሌ ስም በሕዝብ አፍ ሲመላለስ ቅርጹን እየለወጠ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሰውየው ግን የአሶሳ ሰው ናቸው። አሶሳ ደግሞ እስከ 1970ዎቹ ማብቂያ ድረስ ዋና ከተማው ነቀምቴ በሆነው በወለጋ ሥር ትተዳደር ስለነበረ፣ ታሪካቸው የእኛም ታሪክ ነው።

ሸኽ ሆጀሌ የወታዊጥ ወገን ነበሩ። ከሱዳን በኩል የመጡ ዐረብኛ ተናጋሪ ነጋዴዎችና የሃይማኖት መምህራን ከበርታ ባላባቶች ጋር ተጋብተው የተገኙት ገዢ ቤተሰቦች ወታዊጥ ይባላሉ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በቤኒ ሻንጉል ምድር እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ሦስት ታላላቅ ገዢዎች ተነሥተው ነበር። አንዱ የቤኒ ሻንጉል፣ ሌላው የሆሞሻ፣ ሦስተኛው የአቆልዲ ገዢ ነበሩ። አቆልዲ ዛሬ አሶሳ የምንላት ናት፤ ገዢዋም ሸኽ ሆጀሌ ነበሩ።

በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ዘምቶ አገሩን በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር አዋለው። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር የተፈረመው የድንበር ውልም ቤኒ ሻንጉልን በኢትዮጵያ በኩል አደረገው። ሸኽ ሆጀሌ እንደ ተፎካካሪዎቻቸው ሁሉ አዲስ አበባ ተወስደው ታሰሩ። ለበርካታ ዓመታት በእስር ከቆዩ በኋላ ተፈትተው ሲመለሱ ግን ከሁሉም በላይ የሆኑት እርሳቸው ናቸው። የማዕከላዊውን መንግሥት ፍላጎት በሚገባ አውቀው ነበርና። የተፈለገው ወርቅ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የቤኒ ሻንጉል ወርቅ ገና በ1810ዎቹ የግብጹን ሙሐመድ ዓሊን ልጅ ከነጦሩ ወደ አካባቢው የሳበ ነው። የሚገኘውም ከወንዝ ዳርና ከሸለቆ አፈር ነው። ወንዶች ጉድጓድ ቆፍረው ጠጠር ያለበትን አፈር ያወጣሉ። ሴቶች ያንን አፈር በእንጨት ገበቴ ወይም በቅል ይዘው ውሃ ዳር ይወርዳሉ፤ ወገባቸውን አጉብጠው እያዞሩ ያጥባሉ፤ አፈሩ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ ጥቂት ቢጫ ብናኝ ከሥር ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ታጥቦ የሚገኘው አንዳንዴ ከጥፍር ላይ የማይሞላ ነው። እንግዲህ በወቄት እየተመዘነ በየዓመቱ ለቤተ መንግሥት የሚገባው ግብር ስንት ገበቴ አፈር እንደሚጠይቅ እርስዎ ያስሉት። በበቅሎ ተጭኖ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚታየው ወርቁና ያመጣው ሰው ብቻ ነው።

በዚህ የንግድ መንገድ ብዙ ዓይነት ሠራተኛ ይኖር ነበር። በቅሎ ነጂው፣ አሞሌ ጨውና አቡጄዲ ይዞ የሚዞረው ነጋዴ፣ ኬላ ጠባቂው፣ ጥጥ የምትፈትለው ሴትና የፈተለችውን የሚሸምነው ወንድ ሁሉ ከዚሁ ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወንድሞቻችን ሙስሊሞች ነበሩ።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንዳንድ ታላላቆቻችን የሚቀጥለውን ክፍል ብተወው እንደሚሻል መክረውኛል። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልተውኩትም። በዚያ መንገድ የሚሄደው ወርቅ ብቻ አልነበረምና፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ሸኽ ሆጀሌ ከበርታና ከጎረቤት ሕዝቦች የተያዙ ወንዶችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ይነግዱ ነበር፤ ለመሳፍንትም በገጸ በረከት ይልኩ ነበር። ብዙ የቤኒ ሻንጉል ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ እንጨት ፈላጭ፣ ውሃ ቀጂ፣ እህል ፈጪ፣ ድንጋይ ተሸካሚ ሆነው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። በዘመኑ ይህን ያደረጉት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባላባት አድርጎታል። ነገር ግን ባሪያን ነፃ ማውጣት በዲናችን ከታላላቅ በጎ ሥራዎች አንዱ መሆኑን ሸኽ የሚል መጠሪያ የያዘ ሰው ሳያውቅ ይቀራል ለማለት ያስቸግራል።

ባለቤታቸው ሲት አምናም በዚህ ረገድ ከባላቸው አላነሱም። በሱዳን ድንበር ተቀምጠው ባሪያ ወደዚያ ያሻግሩ ነበር። ከዘመኑ ሴቶች ያን ያህል ሥልጣንና ሀብት የያዘ ጥቂት ነው፤ የተጠቀሙበት ሥራ ግን ይህ ነበር። በመጨረሻ በ1920 ዓ.ም. ገደማ የሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር ያዛቸው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆና፣ በዚያው ዓመት የባሪያ ንግድን የሚከለክል ደንብ አውጥታ ነበርና ነገሩ ለመንግሥትም እፍረት ሆነ።

ሸኽ ሆጀሌ ግን ከዚህም በኋላ ከሥልጣናቸው ብዙ አልጎደለባቸውም። በአዲስ አበባ ባለው ግቢያቸው ዙሪያ አጃቢዎቻቸውና አገልጋዮቻቸው ሰፍረው ሰፈሩ ተመሠረተ። ከጉባና ከአሶሳ ለጉዳይ የሚመጣ ሁሉ የአገሩን ቋንቋ የሚሰማበት ቦታ ነበር። ሸኹ በ1930 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ዘመን፣ በሽምግልና አረፉ። አላህ የሚፈርደውን እርሱ ያውቃል።

ባርነትን ጨርሶ የሚሽረው አዋጅ የወጣው እርሳቸው ካረፉ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ነፃ የወጡት ሰዎች ርስትም ጥሪትም አልነበራቸውም። የሚያውቁትን ሥራ ይዘው ቀጠሉ፤ ወንዶቹ በቀን ሠራተኝነት፣ በተሸካሚነትና በዘበኝነት፣ ሴቶቹ በወፍጮ፣ በእንጨት ለቀማና በሰው ቤት ሥራ። በወለጋ ዩብዶ ከ1910ዎቹ ጀምሮ ፕላቲኒየም ይወጣ ስለነበረ የቀን ሙያተኛ እዚያም ይፈለግ ነበር።

በአሶሳ ዙሪያ ክረምቱ ሲያበቃ ሴቶች ዛሬም ገበቴያቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። አፈሩን የሚያዞሩት ያው እንደ ድሮው ነው። የተገኘችውን ብናኝ ግን በጨርቅ ጫፍ ቋጥረው ገበያ ወስደው ይሸጣሉ፤ ገንዘቡም የራሳቸው ነው።