ኤረንበርግና የቀይ ባሕር ቅላት

ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ እ.ኤ.አ. በ1795 በጀርመን አገር፣ በላይፕሲግ አቅራቢያ በምትገኘው በዴሊች ከተማ ተወለደ። ትምህርቱን በነገረ መለኮት ጀምሮ ወደ ሕክምና ቢዛወርም፣ ከሁሉ አብልጦ ልቡን የማረከው ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ዓለም ነበር።

በ1820 በፕሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ድጋፍ ከወዳጁ ከቪልሄልም ሄምፕሪሕ ጋር ወደ ግብፅ ተጓዘ። በ1823 መጨረሻ በሲና ዳርቻ በምትገኘው በቶር ወደብ ሳለ የባሕረ ሰላጤው ውሃ እንደ ደም ቀልቶ አገኘው። ከኮራሉ ዐለት ባሻገር ያለው ባሕር ግን የወትሮ መልኩን አልለወጠም ነበር። ለብዙ ሰው መቅሠፍት የሚመስለውን ይህን ውሃ ኤረንበርግ ቀድቶ ቢመረምረው፣ ውሃው ራሱ ጥሩ ሆኖ፣ ቅላቱ እንደ ነዶ ከታሰሩ ጥቃቅን ክሮች የመጣ መሆኑን ተረዳ። በ1830 ይህን ፍጥረት ትሪኮዴስሚየም ኤሪትሬየም ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም ቀይ የጠጉር ነዶ እንደ ማለት ነው።

ለዚህ ዕውቀት የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር። ጉዞው በ1825 ምጽዋ ሲደርስ ሄምፕሪሕ በ29 ዓመቱ በትኩሳት በሽታ ሞተ። ኤረንበርግ የሁለቱን ድካም ይዞ ወደ በርሊን ተመለሰ፤ ያገኟቸውንም እንስሳት ሲያሳትም የሟቹን ወዳጁን ስም ከራሱ ስም ጋር አጣምሮ አወጣ።

በ1838 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ደቂቅ ፍጥረታት ሁሉ እንደ ትልልቆቹ እንስሳት ሆድና ሌላም ብልት የተሟላላቸው ናቸው ሲል አስተማረ። ፈረንሳዊው ፌሊክስ ዱዣርዳን ይህን ሐሳብ ተቃወመ፤ የኋላው ምርምርም ለዱዣርዳን ፈረደ። ይሁን እንጂ የኤረንበርግ ትርጓሜ ሲወድቅ በጥንቃቄ ያየውና የሣለው አልወደቀም።

የቶሩ ክር ዛሬ ከባክቴሪያ ወገን የሚቆጠር ነው። ከአየር የሚገኘውን ናይትሮጅን ለምግብነት ስለሚያውል ድኻ የሆነውን ባሕር ያዳብራል። ነፋስ በሌለበት ጊዜ በጥልቀት አልባ ዳርቻ ተከማችቶ ሲሞት ግን፣ ብስባሹ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ስለሚጨርስ ዓሣዎች ታፍነው ያልቃሉ። ኤረንበርግ በ1860 የገለጸው፣ አሁን ፕሮሮሴንትረም ሊማ የሚባለው ዋቅላሚም በዳርቻ አሸዋና በባሕር ሣር ላይ እየኖረ መርዝ እንደሚሠራ ታውቋል። መርዙ በዛጎል ለበስ እንስሳት ሥጋ ተጠራቅሞ በሊታውን ለተቅማጥና ለትውከት ይዳርጋል። ኤረንበርግ ይህን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ ፍጥረቱን ለይቶ ለሚመጣው ተመራማሪ ማስረከብ ግን ችሏል።

ኤረንበርግ በ1876 በበርሊን ዐረፈ። ለማይክሮስኮፕ ያዘጋጃቸው 40,000 ያህል ናሙናዎች በዚያችው ከተማ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተጠብቀው ለምርምር ያገለግላሉ።