ዩጂን ሁድሪ፦ የደከመውን ካታሊስት መልሶ ያነቃው ፈረንሳዊ መሐንዲስ

በጅቡቲ ከተማ፣ በቡላኦስ ጎዳናዎች የሚመላለሱ ታክሲዎች የሚነዱት ባሕር ተሻግሮ በመጣ ነዳጅ ነው። ጅቡቲ የነዳጅ ማጣሪያ የላትም። በእርሷ ወደብ የምትገለገለው ኢትዮጵያም የአሰብ ማጣሪያ እአአ በ1997 ከተዘጋ ወዲህ ተጣርቶ ያለቀለትን ትገዛለች። በሩቅ አገር ማጣሪያዎች ከከባድ ዘይት ብዙ ቤንዚን የሚወጣበትን መንገድ ከከፈቱት አንዱ ዩጂን ሁድሪ ነው።

ሁድሪ እአአ በ1892 በፓሪስ አቅራቢያ በዶሞንት፣ ከብረት አምራች ቤተሰብ ተወለደ። ምህንድስና ተምሮ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በታንከኛነት ዘመተ፤ በ1917 ቆሰለ። ከጦርነቱ በኋላ የመኪና ውድድር ፍቅሩ የተሻለ ቤንዚን ወደ መፈለግ መራው።

በ1920ዎቹ ብዙ ቁሶችን ከሞከረ በኋላ ሲሊካና አሉሚና ያለበት ሸክላ አፈር ከባዱን ዘይት ሰንጥቆ ጥሩ ቤንዚን እንደሚሰጥ አረጋገጠ። ሆኖም ይህ ካታሊስት፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጡን የሚያፋጥነው ቁስ፣ ወዲያው ይደክም ነበር። ከዘይቱ የሚቀረው ካርቦን እንደ ድስት ጥቀርሻ ይለብሰዋል።

ሁድሪ ጥቀርሻውን በአየር አቃጥሎ ለማስወገድ ወሰነ። ሲነገር ቀላል ነው። እሳቱ ካነሰ ጥቀርሻው ይቀራል፤ ከበዛ የሸክላው ረቂቅ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ያ ጉዳት ደግሞ አይጠገንም። አየሩ ከዘይቱ ተን ጋር ከተገናኘም ፍንዳታ ያሰጋል።

መፍትሔው ተራ ነበር፦ አንዱ ጋን ዘይት ሲሰነጥቅ ሌላው ይጸዳል፣ ሌላው ጥቀርሻውን ያቃጥላል። ቫልቮች በየ10 ደቂቃው ገደማ ተራውን በራሳቸው ይቀይራሉ፤ በቱቦ የሚዘዋወር የቀለጠ ጨው ትርፉን ሙቀት ይወስዳል። ከካታሊስቱ ግኝት ይልቅ ይህ ጥንቃቄ የተሞላበት ቅንብር የሚበልጥ ሥራው ይመስላል።

በአገሩ በቂ ድጋፍ ያላገኘው ሁድሪ በ1930 ወደ አሜሪካ አቀና። በ1937 የሰን ኦይል ኩባንያ በፔንስልቬንያ፣ ማርከስ ሁክ፣ በእርሱ ዘዴ የሚሠራ ትልቅ ማጣሪያ ከፈተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘዴው ለተባባሪ ኃይሎች አውሮፕላኖች ቤንዚን አስገኘ። ሁድሪ የደ ጎል ደጋፊ በመሆኑ የቪሺ መንግሥት ዜግነቱን ገፈፈው።

በ1942 ካታሊስቱን በዱቄት መልክ ያለማቋረጥ የሚያዘዋውር አዲስ ዘዴ ሥራ ጀምሮ የእርሱን ጋኖች ቀደማቸው፤ ጥቀርሻን አቃጥሎ ማንቃት ግን በዚያም ቀጠለ።

በመጨረሻ ዘመኑ የመኪና ጭስ የሚያጣራ ካታሊስት ሠራ። በዚያን ጊዜ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ግን እንደ ጥቀርሻ ተቃጥሎ የሚለቅ አልነበረም፤ ካታሊስቱን መረዘው። ሁድሪ በ1962 አረፈ። የጭስ ማጣሪያው በስፋት መኪናዎች ላይ የተገጠመው እርሳስ አልባ ቤንዚን በቀረበበት በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው።